ቴክአዌይ ተከለከልን፤ ይግባኝ እንበል ወይስ ዝም ብለን እንክፈት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«እኔና ባለቤቴ ደቡብ ለንደን ውስጥ ባዶ ሱቅ ለ10 ዓመት ተከራየን። ቀድሞ የልብስ ሱቅ ነበር። ሰፈሩ ጆርጂያን የሚባሉት የድሮ የእንግሊዝ ቤቶች ያሉበት ኮንሰርቬሽን ኤርያ፣ ማለትም ገጽታው በሕግ የሚጠበቅ ሰፈር ነው። የሐበሻ ምግብ ቴክአዌይ (ምግብ ተጠቅልሎ የሚወሰድበት ቤት) ለመክፈት ካውንስሉን፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ፈቃድ ጠየቅን። ከ40 በላይ ጎረቤቶች ተቃውሞ ጻፉ። ባለፈው ወር ተከለከልን። ሦስት ምክንያት ሰጡን። ሽታና ድምፁ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ይረብሻል፣ ከጀርባ የሚወጣው የጭስ ማውጫ የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል፣ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ከጀርባ ማን ያየዋል? ምግባችንም ሽሮና ምስር ነው እንጂ የተጠበሰ ዶሮ አይደለም። ነገሩ ጎረቤቶቹ ምግባችንን ስለናቁ ይመስለናል። አንዳንዱ ‹ይግባኝ በሉ› ይለናል፣ ሌላው ‹ዝም ብላችሁ ክፈቱ፣ በኋላ ይስተካከላል›። ኪራዩ እየቆጠረብን ነው። ምን እናድርግ? በዚያ ላይ ቡና ማፍላትስ እንችላለን?»

ይግባኝ አትበሉ። ዝም ብላችሁም አትክፈቱ። ለሁለቱም ምክንያቴን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄያችሁ ውስጥ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። የጠየቃችሁት የማያስፈልጋችሁን ፈቃድ ይመስለኛል።

እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዱ ሱቅና ቢሮ በፕላኒንግ ሕግ፣ ቤት ለምን እንደሚውል በሚወስነው ሕግ፣ አንድ ምድብ አለው። ድሮ ሱቅ ለብቻ፣ ምግብ ቤት ለብቻ፣ ቴክአዌይ ለብቻ ነበር። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሱቁም፣ ካፌውም፣ ምግብ ቤቱም፣ ቢሮውም «ምድብ ኢ» የሚባል አንድ ቅርጫት ውስጥ ገቡ። ቅርጫቱ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር የፕላኒንግ ፈቃድ አይጠይቅም። የልብስ ሱቅ የነበረ ቤት ነገ ካፌ ቢሆን፣ በመርህ ደረጃ ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ትኩስ ምግብ የሚሸጥ ቴክአዌይ ግን ሆን ተብሎ ከቅርጫቱ ውጭ ቀረ። «ሱዊ ጄነሪስ» ይሉታል፤ በላቲን የራሱ ዓይነት፣ ብቻውን የቆመ እንደማለት ነው። ወደ እሱ ለመግባት ሙሉ ማመልከቻ ያስፈልጋል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ፖሊሲው ሁሉ ይፈተሻል። እናንተ በዚህ በር ነው የገባችሁት።

ካፌውን ከቴክአዌይ የሚለየው አንድ ቃል ነው፤ «በአብዛኛው»። ምግቡ በአብዛኛው እዚያው ተቀምጠው የሚበሉት ከሆነ ምድብ ኢ ነው። በአብዛኛው ተጠቅልሎ የሚሄድ ከሆነ ቴክአዌይ ነው። ምግብ ቤት ለአንዳንድ ደንበኛ ጠቅልሎ መስጠቱ አይከለከልም፤ ዋናው ሥራ እስካልሆነ ድረስ ተጓዳኝ ይባላል። ሌላም አለ። ሕጉ የሚያወራው ስለ ትኩስ ምግብ ነው። የታሸገ እንጀራ፣ የሽሮ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ቀዝቅዞ በዕቃ የተቀመጠ ወጥ መሸጥ የሱቅ ሥራ ነው። ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ያሙቀው።

ስንት በመቶ ነው «አብዛኛው»? ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። የካውንስሉ ኦፊሰሮች የሚያዩት ነገሩን በጠቅላላው ነው። ወንበር ስንት አለ? ሰው ተቀምጦባቸዋል ወይስ አቧራ ጠጥተዋል? በሩ ላይ ስንት የዴሊቬሪ ሞተር ይቆማል? እዚህ ላይ ጠላታችሁ የምግብ ማዘዣው አፕ ነው። ሃያ ወንበር ደርድራችሁ ሽያጩ ሁሉ በኡበር ኢትስና በዴሊቨሩ የሚሄድ ከሆነ፣ ወንበሮቹ ጌጥ ናቸው፤ ቦታው ቴክአዌይ ነው። እኔ ለደንበኞቼ የምለው አንድ ነው። የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝ «እዚሁ» እና «የሚወሰድ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ለዩ። አንድ ቀን ቅሬታ ቢመጣ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ክልከላው ምክንያቶች። ሦስቱ እኩል አይደሉም።

ከባዱ ሽታው ነው። ማመልከቻችሁን አላየሁትም። ግን እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ባህላዊ የኢትዮጵያ ምግብ፣ ቀላል ማብሰል»። እባካችሁ እንዲህ አትጻፉ። ሽንኩርቱ ደቆ ያለ ዘይት ድስት ላይ ሲቁላላ፣ ቀጥሎ በርበሬው ሲገባ፣ መጨረሻ ላይ ቅቤው ሲፈስ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኩሽና ውስጥ ያለው ሁሉ ያስላል። ይህ ቀላል ማብሰል አይደለም። አገር ቤት ቁሌት ጎረቤት ይጠራል። እዚህ የሚጠራው ካውንስሉን ነው።

የካውንስል ባለሙያዎች ሽታን በአፍንጫ ብቻ አይለኩም። በሙያው የሚጠቀሙበት መመሪያ ነጥብ ይሰጣል። ጭሱ የት ይወጣል? ቅርቡ መስኮት ስንት ሜትር ነው? ኩሽናው ምን ያህል ትልቅ ነው? ምን ይበስላል? ድምሩ ከ20 ካለፈ አደጋው ከፍተኛ፣ ከ35 ካለፈ በጣም ከፍተኛ ይባላል። ከላይ መኝታ ቤት ያለበት፣ ጀርባው ጠባብ የሆነ የጆርጂያን ቤት ቁሌት ሳይጀመር ነው ነጥብ የሚቆጠርበት። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው መሣሪያ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቅባት የሚይዝ ማጣሪያ። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ጭሱን የሚለቅም ሣጥን። ቀጥሎ ሽታውን የሚመጥ የካርቦን ማጣሪያ። በመጨረሻ ይህን ሁሉ አልፎ አየር የሚጎትት ኃይለኛ ማራገቢያ። እሱ ደግሞ የራሱ ድምፅ አለው። እነዚህ የድሮ ቤቶች ወለላቸው እንጨት፣ ኮርኒሳቸው ልስን ነው። ታች የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ አልጋ ሥር ይሰማል።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላስ? ከዓመታት በፊት ፈቃድ አግኝቶ የከፈተ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሁሉም በሥርዓቱ የተገጠመ ነበር። የካርቦኑ ማጣሪያ በየጥቂት ወሩ መቀየር አለበት፤ ዋጋው ስለመረረው አንዴ ዘለለው፣ ሁለተኛም ዘለለው። አንድ ጠዋት እዚያ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ላይ ፎቅ የምትኖረው ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ሹራብ ይዛ ወረደች። አልጮኸችም። ሹራቡን ዘርግታ «አሽትተው» አለችው። አሸተተው። እኔም አሸተትኩት። ታጥቦ መስኮት ሥር የተሰጣ ሹራብ ነው፣ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸታል። ከዚያ ወዲህ «ጎረቤቶቹ ጠልተውን ነው» የሚል ሰው ሲመጣብኝ ያ ሹራብ ትዝ ይለኛል። አንድ ነገር ልብ በሉ። የፕላኒንግ ፈቃድ ቢኖራችሁም ሽታና ድምፅ በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሥር ለብቻው ያስጠይቃል። ፈቃዱ ከዚያ አያስጥላችሁም።

ሁለተኛው የጭስ ማውጫው ነው። «ከጀርባ ማን ያየዋል?» ላላችሁት፣ ጎረቤት ያየዋል። በርሜል የሚያክል የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ ከኩሽናው ወጥቶ፣ የመኝታ ቤት መስኮት ዳር አልፎ፣ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ሽታው ተበትኖ እንዲጠፋ በአቅራቢያው ካሉ ጣሪያዎች ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ይፈለጋል። እንግዲህ ችግሩን እዩት። ለሽታ ሲባል ቱቦው ከፍ ማለት አለበት፤ ለገጽታ ሲባል መታየት የለበትም። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይፈርሳል። በታሪካዊ ሰፈር የቴክአዌይ ክርክር ከአሥር ዘጠኙ የሚወድቀው እዚች ቱቦ ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኮንሰርቬሽን ኤርያ የሚባለው ነገር የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ያወጣው ደንብ አይደለም። በ1967 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። የመጀመሪያው በዚያው ዓመት የተሰየመው ስታምፎርድ፣ ሊንከንሸር ውስጥ ነው። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 10,000 ገደማ አሉ። አሁን የሚሠራበት የ1990 ሕግ ካውንስሉን ራሱን ያስገድደዋል። ውሳኔ በሰጠ ቁጥር የሰፈሩን ባሕርይ ወይም ገጽታ መጠበቁን ወይም ማሻሻሉን በልዩ ትኩረት ማየት አለበት። ኦፊሰሩ ቢወዳችሁም ይህን መዝለል አይችልም። ደግሞ ለእናንተ የሚጠቅምም አለ። «መጠበቅ» ማለት ሰፈሩን ማስዋብ እንዳልሆነ፣ አለመጉዳት ብቻ እንደሚበቃ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በ1992 ወስኗል። ስለዚህ ምንም ነገር ውጭ ላይ ካልገጠማችሁ፣ በዚህ በኩል የሚነሳባችሁ ክርክር እጅግ ይቀንሳል።

ቤቱ ራሱ ሊስትድ፣ ማለትም በታሪካዊነቱ ተመዝግቦ በሕግ የሚጠበቅ፣ ይሁን አይሁን አልነገራችሁኝም። ዛሬውኑ አጣሩ። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው የቅርስ መሥሪያ ቤት የሚይዘው ዝርዝር በነፃ ይታያል። ስትፈልጉ የእናንተን ቁጥር ብቻ አትዩ። ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ በአንድ መዝገብ ነው የሚገቡት፤ «ከቁጥር 2 እስከ 40» ተብሎ። ሰዎች ቁጥራቸውን ለብቻው ሲያጡት «የኛ የለበትም» ብለው ይዘናጋሉ። ሊስትድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የውስጡን ግድግዳ ማፍረስ፣ የድሮ የእሳት ምድጃ መንቀል፣ ቱቦ ለማሳለፍ ጣሪያ መብሳት ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ያለዚያ ፈቃድ መሥራት ማስጠንቀቂያ ሳይቀድመው በቀጥታ ወንጀል ነው። «ግንበኛው ነው የበሳው» አያድንም።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ጎረቤት ባይኖር፣ ቱቦ ባይኖርም ትወድቁ ነበር። የ2021 የለንደን ፕላን፣ የከተማዋ የፕላኒንግ ዕቅድ፣ ከትምህርት ቤት በር በእግር 400 ሜትር ውስጥ አዲስ ቴክአዌይ መፈቀድ የለበትም ይላል። በዲሴምበር 2024 የታደሰው አገር አቀፍ ፖሊሲም ልጆች በእግር ከሚደርሱበት ቦታ ቴክአዌዮች እንዲከለከሉ ያዛል፤ የተሰየመ የከተማ ማዕከል ካልሆነ በቀር። ይህ ድንገት የመጣ አይደለም። በ2010 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የታወር ሃምሌትስ ካውንስል ትምህርት ቤት አጠገብ ለአንድ ቴክአዌይ የሰጠውን ፈቃድ ያየው በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ የልጆቹ ጤናማ አመጋገብ መታየት ነበረበት ብሎ ወሰነ።

«የኛ እኮ ሽሮና ምስር ነው» የሚለው መልስ ያሳዝናል እንጂ አያዋጣም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለቤቱ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ነገ ቁልፉን ለሌላ ብታስረክቡ፣ የምስር ወጡ ቦታ ላይ ዶሮና ቺፕስ ጠባሽ ይገባል፤ ፈቃዱ እዚያው ግድግዳው ላይ አለ። «ሽሮ ብቻ ይሸጥ» ብሎ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ አይቻልም ወይ? በወረቀት ይቻላል። ማን ድስት እየከፈተ ይቆጣጠራል? ይግባኝ የሚያዩት ኢንስፔክተሮች ይህን ክርክር ለምደውታል፣ አይቀበሉትም።

ስለ ጎረቤቶቹ። ከ40 በላይ ደብዳቤ መምጣቱ እንዳስደነገጣችሁ ይገባኛል። ግን ይህ ምርጫ አይደለም፤ ድምፅ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ነጥብ ነው። አንድ ሰው ስለ ሽታ በደንብ ቢጽፍ፣ ሠላሳ ሰው «የቤታችን ዋጋ ይወድቃል» ብሎ ከሚጽፈው ይበልጣል። የቤት ዋጋ በፕላኒንግ አይታይም። «ሌላ ምግብ ቤት ገበያው ይጎዳል» ማለትም አይታይም። ስለ ዘራችሁ የሚጽፍ ካለ ደብዳቤው ዋጋ የለውም፤ ካውንስሉ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግም ግዴታ አለበት። ውስጣቸውን ማወቅ አልችልም። ሊሆን ይችላል። ግን የውሳኔው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቱቦ፣ ማራገቢያና 400 ሜትር ነው። ክርክራችሁን በንቀት ላይ ከመሠረታችሁ፣ ያልተጻፈውን እየመታችሁ የተጻፈው ቆሞ ይቀራል። ይልቅ አንድ ነገር አድርጉ። ከውሳኔው ጋር የኦፊሰሩ ሪፖርት የሚባል አለ፤ ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በማመልከቻ ቁጥራችሁ ታገኙታላችሁ። የክልከላው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነው፣ ሪፖርቱ ግን ሰውየው ምን እንዳሳሰበው፣ ምን ቢቀየር እንደሚለዝብ ይናገራል። አብዛኛው ደንበኛዬ ሳያነበው ነው የሚመጣው።

ይግባኙ ነፃ ነው፤ ለፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት ነው የሚቀርበው። ውሳኔው ከተሰጠ ጀምሮ ስድስት ወር አላችሁ። ነፃ ስለሆነ «ምን ይጎዳናል» ይባላል። ይጎዳል። አንደኛ፣ ወራት ይፈጃል፤ ኪራዩ ደግሞ አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ይግባኝ ላይ ዕቅዱን እንደገና መቀየር አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ያው የተከለከለው ቱቦ ነው የሚታየው። ሦስተኛ፣ ኢንስፔክተሩ ካውንስሉን ደግፎ ከጻፈ ያ ወረቀት እዚያ ቤት ላይ ይቀራል። ከእንግዲህ የሚቀርብ ማንኛውም ማመልከቻ በእሱ ይለካል። ከመሸነፍ አለመጫወት የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ ይህ አንዱ ነው። ቀኑን ግን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት፤ መብቱን ሳታውቁት አይለፋችሁ። እንደ ድሮው በአንድ ዓመት ውስጥ በነፃ ዳግም ማመልከትም የለም፤ ያ በዲሴምበር 2023 ቀርቷል። ዳግም ካመለከታችሁ ዳግም ትከፍላላችሁ።

«ዝም ብላችሁ ክፈቱ» የሚሏችሁ ሰዎች ኪራዩን አይከፍሉላችሁም። ሊስትድ ላልሆነ ቤት፣ ሳያስፈቅዱ መክፈት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወሬው የሚነሳው ከዚህ ነው። እናንተ ግን ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ክልከላችሁ ካውንስሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ደብዳቤ የጻፉት ከ40 በላይ ጎረቤቶችም መስኮት ላይ ናቸው። «ሥራውን አቁሙ» የሚል የማስፈጸሚያ ማስታወቂያ ይመጣል። እሱን አለማክበር ወንጀል ነው፣ ቅጣቱ ጣሪያ የለውም፣ በዚያ ሥራ ያገኛችሁትን ገንዘብም ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። «አራት ዓመት ከቆየን ይጸድቃል» የሚል ካለ አትስሙት፤ ለአገልግሎት ለውጥ ጊዜው 10 ዓመት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ቁሌት ሳይሸት?

እንግዲህ ምክሬ። ቦታውን ካፌና ትንሽ ምግብ ቤት አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ከባዱን ማብሰል ግን ከዚያ ቤት አውጡት።

ወጡ ሌላ ቦታ ይሠራ። ለንደን ዳር ዳር በኢንዱስትሪ ሰፈር በሰዓት ወይም በወር የሚከራዩ ኩሽናዎች አሉ፤ የራሳቸው ጭስ ማውጫ ያላቸው፣ ላያቸው ላይ የሚተኛ ሰው የሌለ። በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ቁሌቱን ጨርሱት፣ በፍጥነት አቀዝቅዙት፣ ከ8 ዲግሪ በታች አድርጋችሁ አምጡት። ሱቁ ውስጥ የሚሆነው ማሞቅ ብቻ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ከ63 ዲግሪ በታች አይውረድ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ዶሮ ወጥ ሁሉም በማግሥቱ አይከፋም፤ ዶሮውማ እንዲያውም ይሻለዋል። ጥብስና ክትፎ ላይ ግን ምኞታችሁን ገታ አድርጉ። ጥብስ እሳት ላይ ሲንጫጫ ነው ጥብስ የሚሆነው፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ቱቦውን ያመጣል።

እንጀራውን ግዙ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ሱቁ ውስጥ ጋግሩ። የራሳችሁን ደንበኛ ለማብላት መጋገር የምግብ ቤቱ ሥራ አካል ነው። ለሌሎች ሱቆች በጅምላ መጋገር ስትጀምሩ ግን ነገሩ ወደ ፋብሪካነት ይሄዳል፤ ምድቡም ይቀየራል። ይህን ወጥመድ ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት ይገቡበታል። ቅዳሜ የሚጀመረው በሃምሳ እንጀራ ነው፣ ከዓመት በኋላ ጠዋት በአምስት ሰዓት ቫን በር ላይ ቆሞ ይጫናል። የፈረንጁን አምስት ሰዓት ነው የምላችሁ፤ ጎረቤት ተኝቷል።

አየር አጣርቶ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቅ ማሽን እንደሚሸጥ ትሰማላችሁ። «ቱቦ አያስፈልግም» ይላሉ ሻጮቹ። ለማሞቅና ለቀላል ሥራ፣ ምድጃው ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ይረዳል። ከጋዝ ጋር አይሆንም። ለቁሌት እኔ አላምነውም። ሌላው አማራጭ ቱቦውን በድሮው የጡብ ጭስ ማውጫ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሲሳካ ግሩም ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ግን ጭስ ማውጫው የሚያልፈው በላይኛው ሰውዬ ሳሎን ነው። የእሱ ፈቃድ፣ የአከራዩ ፈቃድ፣ የእሳት መከላከያ፣ ከዚያም የጠባቡ ጡብ ስፋት አለ። ካፌው ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ጎረቤቱም ቡናችሁን ከለመደ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት ካውንስሉን የሕጋዊነት ሰርተፊኬት ጠይቁ። ክፍያው የመደበኛው ማመልከቻ ግማሽ ነው። ጥያቄው «ፍቀዱልን» አይደለም፤ «ይህ ሥራ ፈቃድ እንደማያስፈልገው አረጋግጡልን» ነው። ስለዚህ ጎረቤት ወደደ ጠላ አይታይም፤ የሚታየው ሕጉና ማስረጃው ነው። የወንበሮቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ፕላን፣ ምናሌውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ምግቡ የት እንደሚበስል፣ የሚወሰደው ትንሽ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ግን አስቀድማችሁ የቤቱን የድሮ ፈቃዶች እዩ። አንዳንድ ጊዜ ከ30 ዓመት በፊት የተሰጠ ፈቃድ ላይ «ለሱቅ ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይገኛል። ያ ካለ የምድብ ኢ ነፃነት አይሠራላችሁም፤ ቅድመ ሁኔታውን ለማንሳት ማመልከት ይኖርባችኋል።

የኪራይ ውሉን ደግሞ ለጠበቃ አሳዩ። ፈቃድ ሳይገኝ የ10 ዓመት ውል መፈረም ስሕተት ነበር፤ «ፈቃድ ከተገኘ» የሚል አንቀጽ ይገባበት ነበር። አልፏል። አሁን የሚጠየቀው ውሉ ካፌ ይፈቅዳል ወይ ነው። አከራዩም ቢሆን ባዶ ሱቅ አይፈልግም፤ የጥቂት ወር ኪራይ እንዲተውላችሁ ለመደራደር ክልከላው ራሱ ጥሩ ምክንያት ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ውጭ የሚበራ ታፔላ በኮንሰርቬሽን ኤርያ ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል፤ በቀለም የተጻፈ የእንጨት ሰሌዳ ይበቃችኋል፣ ያምራልም። ከውጭ የሚወርድ የብረት ሮለር አትግጠሙ። ከመክፈታችሁ 28 ቀን በፊት የምግብ ሥራችሁን ካውንስሉ ዘንድ በነፃ አስመዝግቡ። ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ፣ ማለቴ በፈረንጁ 11፣ ትኩስ ነገር መሸጥ የሌሊት ላይሰንስ ይጠይቃል። እናንተ ግን በ9 ዝጉ።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ሕግ ነው። ካርዲፍ ወይም ኤዲንብራ ያላችሁ ይህን ይዛችሁ እንዳትከፍቱ፤ ዌልስና ስኮትላንድ ምድቦቻቸው ሌላ ናቸው።

ቡናውን ጠይቃችኋል። ማፍላት ትችላላችሁ። ረከቦቱን ዘርጉ፣ ሲኒውን ደርድሩ፣ ፈንዲሻውንም አቅርቡ። መቁላቱን ግን ተዉት። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ከቁሌቱ አይተናነስም፤ የእሳት አደጋ ደወሉንም ሳያስጮህ አይቀርም። ቤት ቆልታችሁ አምጡት። ዕጣኑን ደግሞ ላይ ያለችውን ጎረቤት አንድ ቀን ቡና ጠርታችሁ፣ እሷ እያለች አጭሱት። ከሳቀች ቀጥሉ።